ኬላ ላይ የተገጣጠመው ኮምፒዩተር

ያን ጊዜ አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ አንድ የሬድዮና የቴፕ መጠገኛ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ደንበኛ ሲገባ ግራ ቀኝ አይቶ «ባለሙያው የለም እንዴ?» ይለኛል። «አለሁ» እላለሁ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ዕቃውን አንጠልጥሎ ይወጣል። ደርግ ወደ ማብቂያው የተቃረበበት ጊዜ ነው፤ ግን ማብቂያው መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም።

ስሜ ወርቅነሽ ነው። አባታችን ከከምባታ መጥቶ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ እዚያው ያረፈ ሰው ነው። እናታችን የዶዶታ ሴት ናት። የወለደችው እኔንና ታላቄን ታደሰን ብቻ ነው። በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ ወንድምጋሼ ነው የምለው።

ወንድምጋሼ የወንጂ ልጆች በረኛ ነበር። ኳስ ሲይዝ እጁ ላይ ሙጫ ያለ ነበር የሚመስለው። በኋላ ጦር ሠራዊት ገባ፤ የመገናኛ ሬድዮ ኦፕሬተር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተ። ከዚያ ሲመለስ ቀኝ እጁ ከክርኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል። ከግራው የቀሩት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ብቻ ናቸው። ከሆስፒታል ወጥቶ ናዝሬት ቤታችን ከገባ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ የተኛ ይመስላል። እማዬ ስታጎርሰው ዓይኑን ይጨፍናል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ያ ዓይን መጨፈን ነበር።

በዚያ ሰሞን በአንድ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ሥራ ላይ የነበረ ፈረንጅ ውሉን ጨርሶ አገሩ ሊገባ ሲል ወደ መጠገኛ ቤታችን መጣ። ከዚህ ቀደም ቴፑን ሠርቼለት ነበር። «ይሄ ተቃጥሏል፤ መውሰድም አልፈልግም፤ ላንቺ ይሁን» ብሎ አንድ ጥቁር ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ከመጽሐፍ ብዙም አይበልጥም፤ ላዩ ላይ ፊደላት የተጻፉባቸው ቁልፎች አሉት። ኮምፒዩተር ነው። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል፤ ጨዋታውን ደግሞ ከተራ የቴፕ ካሴት ላይ በድምፅ እየሰማ ይጭናል። አብሮ አንድ ካሴትና አንድ መጫወቻ ዘንግ ሰጠኝ፤ ካሴቱ የእግር ኳስ ጨዋታ ነው።

ቤት ወስጄ ለወንድምጋሼ አሳየሁት። ፈረንጁ የሰጠኝ መጫወቻ ዘንግ ትንሽዬ፣ በጣት የሚያዝ ነበር። በሁለት ጣቱ ሊይዘው ሞከረ፤ አመለጠውና ወለሉ ላይ ወደቀ። ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ላንተ የሚሆን እንሠራለን» አልኩት።

«ከቆርቆሮና ከሽቦ ነዋ! የለማኝ መጫወቻ ልትሠሪልኝ ነው።»

«የለማኝ አይደለም። የኃይል መስጫው ተቃጥሏል፣ ቴፕ የለንም፣ ዘንጉ አይሆንህም። ሁሉንም እንደ አዲስ ነው የምንሠራው። ከእያንዳንዱ ምርጡን። አንተ ትመርጣለህ፣ እኔ እገጥመዋለሁ።»

መልስ የማገኝ አልመሰለኝም ነበር።

«ዕቃ ያለው ሻሸመኔ ነው» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ቃል ብናወጣ ሐሳቡን የሚለውጥ መሰለን።

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። ለመሞከሪያ ብዬ ኮምፒዩተሩን፣ ካሴቱንና ሽቦ የማያይዝበትን ስታኞ ማቅለጫዬን በቦርሳ ይዣለሁ። በዚያ ሙቀት ወንድምጋሼ ካፖርት ለብሷል፤ ክንዱ እንዳይታይ። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን አለፍን። አርሲ ነገሌ ላይ ጣራው ላይ የእህል ጆንያ ሲጭኑ ብዙ ቆምን። ያን ሁሉ መንገድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ። እኔም አላስቸገርኩትም።

ሻሸመኔ ውስጥ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ግቢያቸው ያረጀ ነገር ሁሉ መቃብር ነው፤ ሬድዮ፣ ጄኔሬተር፣ የመኪና አካል፣ የስልክ ቀፎ። አሠሪዬ ዕቃ ሲጠፋ እሳቸው ዘንድ ይልከኝ ስለነበር ያውቁኛል።

«አካም ጅርታ ልጄ? ዛሬ ደግሞ ምን ሞተብሽ?»

«የሞተ የለም ኦቦ። አዲስ ነገር ልንሠራ ነው። ይሄ ወንድሜ ነው፤ መራጩ እሱ ነው።»

ኦቦ ገመቹ ካፖርቱን፣ የተንጠለጠለውን እጅጌ አዩ። አላዘኑም፣ ከንፈርም አልመጠጡም። «ይምረጣ» ብለው በርጩማ አቀረቡለት።

መጀመሪያ ትራንስፎርመር ነው የፈለግነው፤ ለኮምፒዩተሩ ኃይል የሚሰጠው እሱ ነው። አንዱን አነሣሁ፤ ከመብራት ጋር አገናኘሁት፣ ይሠራል።

«ወደ ጆሮዬ አምጪው» አለ። አስጠጋሁለት። «ይሄ ያጉረመርማል። ብረቱ ላልቷል። ተይው።»

ሁለተኛውን አመጣሁ። እሱም አጉረመረመ። የቱን ያህል እንዳመላለሰኝ እንጃ፤ ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ደክሟቸው ተቀመጡ። በመጨረሻ ከአንድ የወታደር ሬድዮ የወጣ ከባድ ትራንስፎርመር ስናመጣለት ጆሮውን ደግኖ ቆየ።

«በርቷል?» አለኝ።

«በርቷል።»

«እሱ ነው እንግዲህ ትራንስፎርመር ማለት።»

ወደ ቴፑ ዞርን። ካሴቱን ኮምፒዩተሩ በትክክል እንዲሰማው ቴፑ መፍጠን መዘግየት የለበትም። ወንድምጋሼ በእያንዳንዱ ቴፕ ላይ አንድ የክራር ዘፈን አስከፈተና ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ይህ ግን እማዬ ስታጎርሰው እንደነበረው ዓይን መጨፈን አልነበረም። የሚያዳምጥ ሰው ዓይን ነበር። «ይሄ ይዋዥቃል፤ ይሄም ይዋዥቃል፤ ይሄኛው ሰክሯል!» አለ። ሦስተኛው ላይ ኦቦ ገመቹ ሳቁ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ሌላ መለስኩ፤ ወንድሜ ሲቀልድ የሰማሁት ከዘመተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። አራተኛው አልዋዠቀም፤ እሱን ገዛን።

የመጨረሻው ከባድ ምርጫ ዘንጉ ነው። እኔ ዘንጉ ሲገፋ የሚጫናቸውን ቀለል ያሉ የሬድዮ ማብሪያዎች አሳየሁት። ተቆጣ።

«ምርጡን አላልሽም? እኔ በጣት አይደለም የምጫወተው፤ በክንድ ነው። ይሄ በአንድ ቀን ይሰበራል።» ከዚያ በአገጩ ወደ ግቢው ጥግ ጠቆመ። «ያ ምንድነው?»

በላስቲክ የተሸፈነ፣ ድሮ አንድ የጣልያን ሆቴል ውስጥ የነበረ፣ ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውት ትልቅ ማሽን ነበር። ኦቦ ገመቹ ሊፈቱት አልፈለጉም። «ሙሉውን የሚገዛ ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ የኖርኩት ነው» አሉ።

«ኦቦ» አላቸው ወንድምጋሼ፣ «ይሄን ማሽን ስንት ሰካራም በቡጢ ሲነርተው ኖሯል። ውስጡ ያለው ማብሪያ ያንን ሁሉ ከቻለ የኔን ጉማጅም ይችላል።» ይህን እያለ ካፖርቱን በሁለት ጣቱ ገለጠና ክንዱን አሳያቸው። ለሰው ሲያሳይ አይቼው አላውቅም ነበር።

ኦቦ ገመቹ መፍቻ ይዘው ተነሡ።

ዘንጉን እዚያው ግቢ ሠራነው። ኦቦ ገመቹ ከትንሽ መኪና የወጣ የማርሽ ዘንግ አሳጥረው በየዱልኝ፤ እግሩ ዙሪያ ከማሽኑ የወጡ አራት ማብሪያዎች ደረደርኩ፣ አምስተኛውን ኳስ ለመምቻ ለብቻው በሽቦ አወጣሁት፤ ጫፉ ላይ የማርሹን ላስቲክ ገልብጠን እንደ ኩባያ አደረግነው። ወንድምጋሼ ጉማጁን ላስቲኩ ውስጥ ከተተና ወደ ግራ ገፋ። ቀጭ! ወደ ቀኝ፤ ቀጭ! «ጠጋ አድርጊው» ይለኛል፤ አጠጋለሁ። «በዛ» ይለኛል፤ አርቃለሁ። ስንጨርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ያን ዕለት የእማዬ ዘመድ ቤት አደርን፤ በማግስቱም ረፋድ ላይ ወደ ናዝሬት ተሳፈርን።

መንገዱን ግማሽ ያህል እንደተጓዝን፣ ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። «ውረዱ! ፍተሻ!» ተባለ። ፈታሹ የሚፈልገው የኮንትሮባንድ ጨርቅና ስኳር ነበር። የኔን ቦርሳ ሲከፍት እጁ ቆመ። ሽቦ፣ ትራንስፎርመር፣ በሽቦ የተጠላለፈ ዘንግ፣ ቁልፍ ያለው ጥቁር ሳጥን።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጨዋታ ነው» አልኩ።

«ጨዋታ? ከኔ ጋር ነው የምትጫወቺው?»

አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ። እኛን አንድ የቆርቆሮ ቤት አስገቡን። የኬላው ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ዕድሜው ከወንድምጋሼ ብዙ የማይበልጥ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ይሄ ዝግታው ከጩኸት ይልቅ ያስፈራል። ዘንጉን አንሥቶ አገላበጠ።

«ፈንጂ ማፈንጃ ነው?»

«አይደለም ጓድ። መጫወቻ ነው፤ ኳስ…»

«ካሴቱስ?»

«እሱም ጨዋታው ነው።»

«እስቲ እንስማው» አለና ካሴቱን እኛው የገዛነው ቴፕ ውስጥ ከቶ ከፈተው።

ያን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። መጀመሪያ ረጅም ፉጨት፣ ቀጥሎ ሺህ ፌንጣ በአንድ ጣሳ ውስጥ የተዘጋ ይመስል ጩኸት፣ መንጫጫት፣ መፋጨት። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወታደሮች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። በዚያ ዘመን የተደበቀ ሬድዮና የምስጢር መልእክት ሰውን የት እንደሚያደርስ ለአንባቢ አልነግርም።

ሃምሳ አለቃው ቴፑን ዘጋ። ወደ ወንድምጋሼ ዞረ። «አንተ ሥራህ ምንድነው?»

እባክህ ዋሽ አልኩ በሆዴ።

«ወታደር ነበርኩ» አለ ወንድምጋሼ። «የመገናኛ ሬድዮ ኦፕሬተር።»

«መገናኛ…» ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። «ነገ ጠዋት ወደ በላይ አካል እልካችኋለሁ። እዚያ ታስረዳላችሁ።»

እማዬ ትዝ አለችኝ፤ ሁለቱንም ልጆቿን በአንድ ቀን ልታጣ ነው። ወንድሜን ከግድግዳው ነጥዬ ለእስር አመጣሁት ብዬ ልጮኽ ምንም አልቀረኝ።

ወንድምጋሼ ተነሣ። ካፖርቱን ከትከሻው አንሸራቶ ጣለው። ሁለቱም ክንዶቹ በብርሃን ታዩ። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ልክ በሬድዮ ትእዛዝ እንደሚያስተላልፍ ሰው ነበር ድምፁ።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፤ የተከሰስንበትን ዕቃ ሳያዩት አይላኩን። በዚህ ከተማ ቴሌቪዥን አለ?»

«የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አለ። ለምን?»

«እህቴ አሁኑኑ ፊትዎ ላይ ትገጥመዋለች። ጨዋታ ካልሆነ እኔን ያድርጉኝ የፈለጉትን።»

ሃምሳ አለቃው ክንዱን አየ። ቶሎ ዓይኑን መለሰ። «እንሂድ» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከፍ ያለ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ አወረዱት። ወሬው ከኛ ቀድሞ ደርሶ መስኮቱ በሰው ተሞላ። እኔ ስታኞ ማቅለጫዬን ሰክቼ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሽቦ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ።

«ወርቄ» አለኝ ወንድምጋሼ ጠጋ ብሎ፣ በቀስታ፣ «ሰዎቹን እርሻቸው። ትራንስፎርመሩን ብቻ እይ። ማን መረጠው?»

«አንተ።»

«እንግዲህ ምርጫዬን አታሳፍሪ።»

ከዚያ በኋላ እጄ ረጋ። ኃይሉን አገናኘሁ፣ ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ፤ ከተሳሳትኩ ኮምፒዩተሩ በአንድ ብልጭታ ይሞታል። ዘንጉን ገጠምኩ፤ ቴፑን አያያዝኩ። አብርቼ የቴሌቪዥኑን ጣቢያ መፈለጊያ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። በረዶ፣ በረዶ፣ በረዶ… ድንገት ንጹሕ ነጭ ገጽ፣ ከሥሩ ጥቁር የላቲን ጽሑፍ። መስኮቱ ላይ «ኧረ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ካሴቱን ከፈትኩ። ያ ፌንጣ የመሰለ ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ መስመሮች መሮጥ ጀመሩ። ጠበቅን። ጩኸቱ ቆመ። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ምንም የለም።

«እሺ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

እንደገና ጫንኩ። አሁንም ባዶ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን ስጀምር ወንድምጋሼ «ቆይ» አለኝ። ጆሮውን ቴፑ ላይ ደገነ። «ድምፁ ታፍኗል። መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ካሴቱን የሚያነበው የቴፑ ራስ ተዛብቷል። ብሎኗን አግኚያት።»

ከቴፑ ራስ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጠፍጣፋ መፍቻ ያዝኳት።

«ወደ ቀኝ… ትንሽ… ትንሽ… አለፍሽ፣ ተመለሽ… ያዢ!»

ጩኸቱ ምላጭ ሆነ፤ ጥርስ የሚያፋጭ። ካሴቱን ከመጀመሪያው አጠንጥኜ ለቀቅኩት። መስመሮቹ ሮጡ፤ ጩኸቱ ቆመ። እና… የኳስ ሜዳ! ነጭ መስመር፣ ሁለት ጎል፣ ትናንሽ ተጫዋቾች።

የዚያን ዕለቱን የሰው ጩኸት የሰማ አንድ ቡድን ዋንጫ የበላ ይመስለው ነበር።

ሃምሳ አለቃው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። «እንዴት ነው የሚጫወቱት?»

ቁልፎቹን አሳየሁት፤ ይሄ ወደ ላይ፣ ይሄ ወደ ታች፣ ይሄ መምቻ። ወንድምጋሼ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ጉማጁን ላስቲኩ ውስጥ ከተተ። መምቻውን ማብሪያ ለሁለቱ ጣቶቹ አመቻቸሁለት። ጀመሩ።

ሃምሳ አለቃው ወዲያው አገባ። ወታደሮቹ አጨበጨቡ። ወንድምጋሼ ዘንጉን እየለመደ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ያ የሰካራም ቡጢ የቻለ ማብሪያ ክንዱን ቻለው። አንድ አገባ። ሁለት። ሃምሳ አለቃው በኃይል መታ፤ የወንድሜ በረኛ ተወርውሮ ያዘ። ደግሞ መታ፤ ደግሞ ያዘ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው የሚደግፈውን ለማሳየት ፈራ፤ ቀስ በቀስ ግን ፍርሃቱን ረሳና «በረኛው! በረኛው!» ማለት ጀመረ።

«እንደገና» አለ ሃምሳ አለቃው ሲሸነፍ። እንደገና ተሸነፈ። ባርኔጣውን አውልቆ ሦስተኛ ጠየቀ። ሲያልቅ ወደ ወንድምጋሼ ዞረና «ሁለት እጅ ይዤ እንዲህ ካደረግኸኝ፣ ያኔ እጅህ ሙሉ ሳለ ምን ነበርክ?» አለው።

«በረኛ» አለ ወንድሜ፤ ሳቀ።

ሃምሳ አለቃው ተነሥቶ ባርኔጣውን አጠለቀና ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠው፤ ወታደር ለወታደር። ከዚያ ራሱ መንገድ ወጥቶ ወደ ናዝሬት የሚሄድ የጭነት መኪና አስቁሞ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠን። ወንድምጋሼ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የተሳፈረው። ሞጆ እስክንደርስ ስለ ዘንጉ ሲያወራ፣ ስፕሪንጉ ጠንከር ይበል ሲል፣ የትኛው ማብሪያ መቀየር እንዳለበት ሲተነትን ሾፌሩ ሁለት ጊዜ «ወንድሜ፣ አንተ መሐንዲስ ነህ?» ብሎ ጠየቀው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ አዳማ ውስጥ ኮምፒዩተር የምገጣጥምበት ሱቅ አለኝ። ልጆች ይመጡና «ለጌም የሚሆን፣ የመጨረሻውን አሪፍ ሥሪልኝ» ይሉኛል፤ የዚህን ፍጥነት፣ የዚያን ጉልበት ይዘረዝሩልኛል። ደስ ይለኛል፤ ዕቃ መምረጥ የሚወድ ሰው እወዳለሁ። ግን ከሁሉ በፊት «የሚጫወተው ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይገረማል። ምርጥ ዕቃ ማለት ለዚያ ሰው የሚሆነው ነው። ይህን የተማርኩት ከወንድሜ ነው፤ «ለምስኪን ይበቃዋል» የሚባል ነገር አልፈልግም ብሎ በመቆጣቱ። ምስኪን አልነበረማ! የሚያጎርሰውን ሰው ዓይን ማየት አቅቶት የነበረ፣ የሚመርጠው ነገር የጠፋበት ሰው ነበር።

ከኬላው በኋላ ወንድምጋሼ ወደ ግድግዳ ዞሮ አያውቅም። ማንኪያውን ራሱ ክንዱ ላይ የሚያስርበት ነገር አስቦ አሠራኝ። ሠፈሩ ሁሉ እሱን ለማሸነፍ ይመጣ ነበር፤ ጥቂቶች ናቸው የተሳካላቸው። ዛሬ የልጆች አባት ነው።

እኔም ብሆን ከዚያ ወዲህ «ባለሙያው የለም?» ለሚለኝ ሰው መልስ መፈለግ ተውኩ። የተውኩበትንም ቀን አስታውሳለሁ። ከኬላው ጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ የወንድምጋሼ የጦር ሜዳ ጓደኛ ወሬውን ሰምቶ ቤታችን መጣ። ሁለቱም እጆቹ ከትከሻው ጀምሮ የሉም። በሩ ላይ ቆሞ፣ እንደሚያፍር ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ «እህቴ፣ በእግር የሚሆን መሥራት ይቻል ይሆን?» አለኝ።

እኔ እንዴት እንደሚሠራ ገና እያሰብኩ አፌን ሳልከፍት፣ ወንድምጋሼ ከውስጥ ጮኸ፦

«ግባ! ትሠራልሃለች። ና ግባና ዕቃውን ምረጥ።»